ፊትሽን አዙሪ

የመበየጃው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። ወዲያና ወዲህ ብትወዘውዘውም አልላቀቅ አለ። ጫፉ እንደ ፍም ቀላ፤ ማሽኑም ከኋላዋ እንደተቆጣ ሰው አጉረመረመ። በመጨረሻ እንደምንም ነቅላ ማስኳን ወደ ላይ ገፋችው።

"ዞር በይ ዛሬም ዞር አለች" አለ ሾፌሩ ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ። "በፈተና ቀን እንኳ ብረቱን አንዴ ብታዪው ምን አለበት? ተኳርፋችኋል እንዴ?"

"አንተ የራስህን መንገድ ያዝ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳህ ሰውዬ አንድ ስንዝር መስመር እንዲህ ታጣምመዋለህ?"

"ተሳፋሪ የለበትም። ማን ይጮኽብኛል ብለሽ ነው?"

ለጀማሪዎች የሚሰጠው የበየዳ ሥልጠና ሦስት ወር የፈጀ ሲሆን የዛሬው የመጨረሻው ቀን ነበር። መጋዘን በነበረው አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ሁሉም ልጆች ያሳደጉ፣ ከአንድ ሥራ ወጥተው ሌላ የሚፈልጉ ናቸው። ሴት እሷ ብቻ ናት። "ዞር በይ" የሚለውን ስም ያወጣላት ሾፌሩ ነው፤ እሳቱን በጫረች ቁጥር፣ ጥቁሩ መስታወት ዓይኗን ሸፍኖላት እንኳ፣ አንገቷ በገዛ ራሱ ወደ ግራ ይዞራልና።

አንገቷ እንዲህ ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባሏ በያጅ ነበር። ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ሲሆን ለሃያ ሁለት ዓመት ብረት ስትይዝለት፣ መዶሻ ስታቀብለው፣ ውሃ ስታመጣለት ኖራለች። እሱም ከመጫሩ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላታል፤ "ፊትሽን አዙሪ።" ታዞራለች። እንዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የሠለጠነ አንገት በሦስት ወር አይመለስም።

በዚያው መጠን ግን ጆሮዋ ሠልጥኖ ነበር። ጥሩ በየዳ የጋለ ዘይት ውስጥ ሽንኩርት እንደተጣለ ሁሉ ሳያቋርጥ ይንቸሰቸሳል። ከግድግዳው ወዲያ ሆና ልብስ እያጠበች እንኳ፣ ባሏ እጁ የሳተበትን ቅጽበት ታውቀው ነበር።

ከሞተ አሥራ አንድ ወሩ ነው። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የባሏ ወንድም የሱቁን የበየዳ ማሽን ለገዢ ለማስረከብ ይመጣል። ማሽኑን ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ነው የገዙት፤ ስለዚህ መብት የለህም ልትለው አትችልም። በዚያ ላይ "ሥልጠና ደግሞ በዚህ ዕድሜ?" ብሎ የሳቀባት ቀን ደሟ ፈልቶ፣ በገዛ አፏ "ፈተናውን ካላለፍኩ ውሰደው" ብላዋለች።

ለአራተኛ ጊዜ ጫረች። ያዘ።

ከማስኩ ውስጥ ድምፁን ብቻ እያዳመጠች እጇን ቀስ ብላ ነዳችው። ይንቸሰቸሳል። ደህና ነው። አሁንም ደህና ነው። ድንገት አንድ ብልጭታ ከጓንቷ በላይ ሲዘል አንገቷ ዞረ፤ ድምፁም ትን እንዳለው ሰው ለዓይን ቅጽበት ያህል ታፈነ። ወዲያው ተመለሰ። እሷም ተመልሳ እስከ ጫፍ ጨረሰችው።

በየዳው ላይ የረጋውን ጥቁር ቅርፊት በመዶሻ አራግፋ በሽቦ ብሩሽ ስትፈትገው፣ መስመሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነባብሮ ወጣ። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ አየና አፏጨ።

"ይሄን በምን ሠራሽው?"

"መሃል ላይ ታፍኗል" አለች።

"የታል? እኔ አላየሁም።"

"እኔም አላየሁትም። ሰምቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ጆሮሽን ዝም አሰኚው። ማን ሰማሽ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አሠልጣኙ ከወዲያኛው ጫፍ እየፈተነ መጣ። "ሚሊ" ይሉታል፤ ከሚሊ ሜትር ውጪ የሚያወራው ነገር የለምና። ፈተናው ቀላል ነው። የተበየዱት ሁለት ብረቶች በሞርሳ፣ በብረት መንጋጋው፣ ይታሰራሉ፣ ከዚያ በትልቁ መዶሻ ይመታሉ። ከታጠፈ አለፈ። ከተሰበረ ወደቀ። የሾፌሩ ጠማማ መስመር ተመቶ ተመቶ እንደ ክርን ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም።

"መንገዱ ጠማማ ነው፤ ግን ደርሷል" አለ ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ።

ሚሊ የእሷን ብረት አንስቶ ለካው፣ አገላበጠው። ባሏን በሥራ ያውቀው ነበር፤ ቀብሩም ላይ ነበረ። ስለ ዘጠኝ ሰዓቱም ጉዳይ አፉ የማያርፈው ሾፌር ጠዋት ነግሮታል። ወደ እሷ ጠጋ አለ።

"የእርስዎን መምታት አያስፈልግም። ከላይ ሲታይ በቂ ነው። አልፈዋል፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።"

አፏ ለምስጋና ተከፍቶ ነበር። አንድ "እሺ" ብትል ማሽኑ ከቤቷ አይወጣም፣ የሱቁ በር አይዘጋም፣ የሳቀባትም ሰው አፉን ይይዛል።

ግን "ከላይ ሲታይ" የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

ባሏ የሞተው በውሃ ታንከር ማማ ላይ ነው። መሰላሉን ሊጠግን ወጥቶ ማማውን ሲደገፈው በየዳው ተሰብሮ ወደቀ። ማማውን የበየደው ሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰዎች እሱን አንስተው ሲሄዱ እሷ እዚያው ቀርታ የተሰበረውን ብረት አየችው። በያጁ ከላይ በብረት መፋቂያው፣ በግራይንደር፣ ልጎታል፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል፤ ያብለጨልጭ ነበር። ውስጡ እንደ በሰበሰ ጥርስ ጠቁሯል። በሕይወቷ ፊቷን ሳታዞር ያየችው የመጀመሪያ በየዳ እሱ ነው።

"ይመታ" አለች።

"ይስሙኝ፣ እኔ እፈርማለሁ አልኩ እኮ።"

"የሁሉም ተመቶ የእኔ የሚቀረው ለምንድን ነው? ባሌ ስለሞተ?"

ሚሊ ብረቱን እንደገና አገላበጠው።

"ከግራ በኩል ሁለት ጣት ገባ ብሎ ይሰበራል" አለች። "ምታው፣ መምህር።"

ሚሊ ብረቱን በሞርሳ አሰረው። በመጀመሪያው ምት ጎበጠ። በሁለተኛው ትንሽ ጨመረ። በሦስተኛው ቋ! ብሎ ለሁለት ተከፈለና አንዱ ስባሪ እግሯ ሥር ወደቀ። ስንጥቁ የተነሳው ከግራ ሁለት ጣት ገባ ብሎ ነበር፤ እዚያው ላይ ጥቁር ቅርፊት ተውጦ ቀርቷል። ሚሊ ጣቱን አስጠግቶ ለካና ዓይኑን አነሳ።

"በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ የነገረኝ ሰው የለም።"

"ጻፈው። ወደቀች በል።"

ጻፈው። "ቀጣዩ ፈተና ከወር በኋላ ነው" አለ፤ "ካልቀሩ።"

"ማን ይቀራል?"

ሁለቱን ስባሪዎች በቦርሳዋ ከተተች። ሾፌሩ እስከ በሩ ተከተላት።

"ልሸኝሽ እንዴ?"

"በምን? አውቶቡስህን ተቀብለውሃል።"

ቤት ስትደርስ ማሽኑ ከቦታው ተነስቶ የሱቁ ደፍ ላይ ቆሟል። ገመዱ ተጠቅልሎ ከላዩ ተቀምጧል። ሁለት ጫኚዎች ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። የባሏ ወንድም ሲያያት ከተቀመጠበት ተነሳ።

"እትዬ፣ እንዴት ሆነ?"

"ወደቅኩ።"

የሚፈነጥዝ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ትከሻው ወረደ። "እንግዲህ… ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ ያልኩት።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ቃሌን በላሁ። ለሚጠይቅህ ሁሉ ቃሏን በላች በለው፤ እኔም አልክድም። ማሽኑ ግን አይሄድም።"

"ግማሹ የእኔ ነው፣ እትዬ።"

"ያንተ ነው። የትኛውን ግማሽ እንደምትፈልግ አሳየኝና ቆርጬ ልስጥህ።"

አንደኛው ጫኚ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ቀልድሽን ተዪው" አለ የባሏ ወንድም። ድምፁ ተሰበረ። "በዚህ በር ባለፍኩ ቁጥር ማሽኑ እንደ ወንድሜ ያየኛል። ቆሞ ያየኛል፤ ገባሽ? ከፊቴ ይጥፋልኝ ነው የምለው።"

ለካ ሳቁም፣ ጥድፊያውም ከዚህ የመጣ ነበር። አሳዘናት። ነገር ግን አልተመለሰችም።

"እኔንም ያየኛል። ያላየሁት እኔ ነኝ" አለች። ከቦርሳዋ አንዱን ስባሪ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችው። "ሳይመቱ ሊያሳልፉኝ ነበር። ምቱት አልኩ።"

አገላበጠው። ጥቁሩን ሲያይ እጁ ቆመ። ያን ቀን ማማው ሥር እሱም ነበረ። ብረቱን መልሶ ሰጣት።

የባሏ ማስክ ግድግዳው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ማሰሪያው አሁንም በባሏ ራስ ልክ ነው። አጠበበችው። ግራይንደሩን አስነስታ ጥቁሩን ከሁለቱም ስባሪ ፋቀች፣ ንጹሕ ብረት እስኪታይ። ከዚያ ገመዱን ፈታ ሶኬቱን ሰካችው። አሥራ አንድ ወር ዝም ያለው ማሽን አጉረመረመ።

"እንጫነው ወይስ ወደ ቦታው እንመልሰው?" አለ ጫኚው።

"እዚያው ይቁም። አላስቸገረኝም።"

"የሰው ሥራ ልትሠሪ ነው?" አለ የባሏ ወንድም።

"ፈተናውን እስካላልፍ የሰው በር አልነካም። ይሄ የራሴ ነው።"

ስባሪዎቹን ገጠመች፣ ማስኩን ከግንባሯ በላይ ያዘችው፣ ኤሌክትሮዱን አቀረበች። እሱ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ ያይ ነበር።

"ዋርሳዬ" አለችው፤ "ፊትህን አዙር።"

አዞረ። እሷ ማስኩን ጣል አድርጋ ጫረች። አንገቷ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሊሄድ ተነሳ፤ መለሰችው። ኤሌክትሮዱ ተጣበቀ። ነቅላ እንደገና ጫረች።