ይማርህ

"ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል አልኳችሁ እኮ፤ ቤቱም ይኸው ቁልፍ ነው" አለች የሰዓት ሠሪው ሚስት፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር እያሳየች።

ጠመንጃ ያነገቱት ወጣቶች ጓጉንቸሩን ነካ ነካ አደረጉት። አገር ለሁለት ተከፍሎ መታኮስ ከጀመረ ወዲህ የዚያኛው ወገን የተባለ ሁሉ እየተለቀመ ነው፤ ሰዓት ሠሪው ደግሞ በትውልዱ ከዚያኛው ወገን ነው። ሚስቱ ከውስጥ ደብቃው ከውጭ ቆልፋበታለች። ይህን ከእሷ ሌላ የምታውቀው በረንዳውን የምትጋራት ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። ሰፈሩ "እውነቷ" ይላታል። በቀጠሮ የማይዋሽ ልብስ ሰፊ ብርቅ ነውና ስሙ የወጣላት ለቀልድ ነበር። እያደር ግን በጸሎት ቤቷም ጸና፤ እሷም ውስጥ ውስጡን ትኮራበት ጀመር።

ወጣቶቹ አመኑ። ሊሄዱ ዘወር ሲሉ ከበሩ ኋላ የታፈነ ማስነጠስ ተሰማ። ሚስቲቱ ፈጠን ብላ አፍንጫዋን በሻርፗ ያዘች፤ ያነጠሳት እሷን መሰለ።

"ይማርህ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

አስባበት አይደለም። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። ሰዓት ሠሪውን ባነጠሰው ቁጥር እሷ ከወዲህ "ይማርህ" ትላለች፣ እሱ ከወዲያ "ያኑርሽ" ይላል፤ ለዓመታት እንዲህ ኖረዋል። "ይማርሽ" ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

አንደኛው ወጣት ተመለሰ። "ማንን ነው ይማርህ ያልሽው፣ እናት?"

ጓጉንቸሩ በሰደፍ ተሰበረ። ሰዓት ሠሪውን ከአልጋ ሥር ጎትተው ሲያወጡት ያው ወጣት "ትተዋወቃላችሁ?" ሲል ጠየቃት።

"ኧረ እኛ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የለንም" አለች።

ሚስቲቱ ሰማች። እሱም ሰማ።

ይዘውት ሲሄዱ ልብስ ሰፊዋ የጀመረችውን ቅምቅማት ጨረሰች። ኋላ ይበልጥ ያሳፈራት ይኸ ነው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር።

በማግስቱ ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አገር ከታመሰ ወዲህ መቀመጫ አይገኝም፤ ድሮ ደጃፉን ረግጦ የማያውቅ ነጋዴ ሁሉ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ሰባኪው "የሕዝባችንን ኃጢአት እንናዘዝ፣ እንታደስ" ሲል ጉባኤው በአንድ ድምፅ "ማረን" አለ። ልብስ ሰፊዋም አፏን ከፈተች። "ማረን" ማለት እንዴት ቀላል ነው። በደል ለአገር ሲከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። አፏን መልሳ ገጠመች።

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ሁሉን ነገር የነገረቻት የመዘምራኑ መሪ ጠጋ አለቻት። "ይብቃሽ እንግዲህ። አፍሽ ነው ያመለጠሽ፤ ጌታ ልብሽን ያውቃል።"

"እሱ ማወቁ እኮ ነው ያሳፈረኝ። ይማርህ ማለቴ አመለጠኝ፤ አላውቀውም ማለቴ ግን አላመለጠኝም።"

"ታዲያ እዚሁ ንስሐ ግቢ።"

"እዚህ የበደልኩት ሰው የለማ" አለችና ተነሥታ ወጣች።

ሚስቲቱን እስር ቤቱ በር ላይ፣ ስንቁን ይዛ ተሰልፋ አገኘቻት። ሰልፉ አጭር ነበር። ጠያቂ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ቆይቶ እሱም ለእስር እንደሚፈለግ ስለሚወራ ብዙ ዘመድ ቀርቷል።

"ምን ፈለግሽ?" አለቻት ሚስቲቱ። እስከ ትናንት "እትዬ፣ እርስዎ" ነበር የምትላት።

"ማሪኝ።"

"እኔ ምን ሆኜ ነው የምምርሽ? ውስጥ ያለው እሱ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ቢሆንም ከሰልፉ አልወጣችም።

ተራቸው ሲደርስ ዘበኛው ሁለቱንም አያቸው። "የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው። አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ አንቺስ ምኑ ነሽ?"

"እህቱ ነኝ።"

ሚስቲቱ ዞራ አፈጠጠችባት። "ለምን ትዋሺያለሽ?" አለች በሹክሹክታ።

"ከዚህ የባሰ ዋሽቼ የለ?"

ዘበኛው መታወቂያዋን ተቀብሎ ከእስረኞቹ መዝገብ ጋር አስተያየ። "የአባታችሁ ስም ይለያያል።"

"በእናት ነው የምንገናኘው።"

"እንግዲያው አንቺም ከነሱ ወገን ነሽ ማለት ነው" አለና እስክሪብቶውን አነሣ። "ይቅርብኝ ካልሽ አሁኑኑ ሂጂ። ልጻፍሽ?"

ልብስ ሰፊዋ ሚስቲቱን አየች፤ ሚስቲቱ ፊቷን አዙራለች።

"ጻፈኝ" አለች።