የጫማው ቪዲዮ

ሙሉ ክፍል ተማሪ ፊት ቆማ ስታስተምር ያልተርበተበተችውን መምህርት ዘርትሁንን አንዲት ስልክ አፏን አስያዘቻት።

ጊዜ ቢኖራት ቀስ ብላ ትለምደው ነበር። ግን ሰኞ አዲስ አበባ ሄዳ ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ልትደረግ ነው፤ ዕጢው ያለበት ቦታ ክፉ ስለሆነ ድምፅሽ አይመለስም ብለዋታል ሐኪሞቹ። ልጇ ሐዳሳ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ስታድግ የእናቷን ድምፅ አታስታውሰውም። ዘርትሁንን እንቅልፍ የነሳት ከበሽታው ይልቅ ይኼ ነበር።

ስለዚህ ባሏ ሕዝቅኤል ድምፅዋን ለልጃቸው ሊቀርጽ ስልኩን ይዞ ሆሳዕና ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ቆመ። እሷም የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት እንደወጣ ሰው እጆቿን አጣምራ ጀመረች።

«የጌታ ስም የተባረከ ይሁን። መምህርት ዘርትሁን እባላለሁ።»

ሕዝቅኤል ስልኩን ዝቅ አደረገ። «ዘርትዬ፣ ልጅሽ ስምሽን መቼ አጣችው?»

ደግማ ሞከረች። አሁንም ከአፏ የመጽሐፍ አማርኛ ወጣ፤ «ውድ ልጄ ሆይ» አለች። ምስኪን፣ ምን ታድርግ? አማርኛ ለእሷ የትምህርት ቤትና የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ካሜራው ደግሞ ቢሮ መሰላት። ከልጇ ጋር አንድም ቀን በአማርኛ ተጫውታ አታውቅም። ተስፋ ቆርጣ ተቀመጠችና አለቀሰች።

በዚህ መሃል ሐዳሳ የጫማዋን ግራና ቀኝ አዟዙራ ከጓሮ ገባች። ዘርትሁን እንባዋን ጠርጋ በቤታቸው ቋንቋ በሀዲይኛ፣ «ነይ የኔ ዝንጉ፤ እግርሽን ስጪኝ» አለቻት። ጫማውን እያስተካከለች ስትቆጣት፣ ስታቆላምጣት፣ አባትየውን ስታማላት ቆየች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ሕዝቅኤል እየቀረጸ መሆኑን ልብ አላለችም።

ስትነቃበት፣ «አጥፋው፤ ፊቴ በእንባ እንደዚህ ሆኖ» አለች። ከፍቶ ሲያሰማት ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ተወው» አለች። «ይቺ እኔ ነኝ።»

ከአዲስ አበባ ስትመለስ አንገቷ ላይ ፋሻ ነበረ። ሐዳሳ ፋሻውን ፈርታ አልቀርብ አለቻት። እናት መጥራት አትችል፣ ልጅ መጠጋት እምቢ። አንድ ከሰዓት ሕዝቅኤል የሚያደርገው ቢጠፋው ቪዲዮውን ከፈተ።

«ነይ የኔ ዝንጉ፤ እግርሽን ስጪኝ» አለ ስልኩ።

ሐዳሳ ስልኩን አየች፤ እናቷን አየች። ከዚያ ስልኩን አልፋ ወደ እናቷ ሄደች፤ አጠገቧ ተቀምጣ ባዶ እግሯን እናቷ ጭን ላይ አኖረችላት።