ትክክል የነበረው አማች

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ የፖለቲካ መጽሔቱን በጋራ የሚያዘጋጁት መምህሩ፣ ጠበቃውና ሐኪሙ፣ አራተኛዋ ደግሞ ጽሑፋቸውን የምትተይበው የመምህሩ ሚስት። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሬዲዮ የጎረቤት አገር ገዥ ጠዋት በአውሮፕላን መሸሹን ሦስት ጊዜ ከተናገረ በኋላ፣ አሁን የአብዮቱ ኮሚቴ ቃል አቀባይ ይናገራል አለ። ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ አራቱም ለዩት። ችኩሉ ነበር።

ችኩሉ የሚስትየዋ ታናሽ ወንድም ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት መምህሩ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው ልጅ እዚሁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ጎረቤቶቻችን ሁለት ዓመት ሳይሞላ በገዥያቸው ላይ ይነሳሉ ብሎ ተከራከረ። መምህሩ ያን ሰሞን የጎረቤት ሕዝብ ለመነሳት ገና ሠላሳ ዓመት እንደሚቀረው የሚያስረዳ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ ስለነበር ሳቀበት። መሳቁ አልበቃ ብሎት ልጁ ከመጽሔቱ መሰናበቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ጻፈ። ጽሑፉን የተየበችው እህቱ ናት። ቃል ሳትተነፍስ የተየበችውም ባሏ፣ ከተሳሳትኩ በዚሁ መጽሔት በስሙ ጠርቼ አርማለሁ ብሎ ስለማለላት ነው። ወንድሟም በሳምንቱ ድንበር ተሻገረ።

አሁን እጇን አፏ ላይ ጭና፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። መምህሩ በጎን አያት። አሥራ አምስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ እሱ ሲናገር አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አዳምጣው አታውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ አብዮት ሲያነብ፣ ሲጽፍ፣ ሲያስተምር ዓይኑ ደክሟል፤ አብዮቱ ግን እሱን አልፎ የአማቹን በር አንኳኳ።

«አሁንም ሲናገር ይጣደፋል» አለ።

ጠበቃው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ነገሩ እንደሚመጣ ልቡ ያውቅ እንደነበር መናገር ጀመረ። ሐኪሙም በአራተኛው እትም፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ ፍንጭ ሰጥቶ እንደነበር አስታወሰ። በአምስተኛው እትም የሸሸውን ገዥ ጤንነትና የመንግሥቱን ጽናት ማድነቁን ግን አላነሳም። ማተሚያ ቤቱ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ገጽ ክፍት አቆይቶላቸው ስለነበር ጠበቃው ቶሎ ብሎ የደስታ መግለጫ አስተየበ። የመጨረሻው አረፍተ ነገር፣ ይህን አስቀድሞ ያየው የቀድሞ ባልደረባችን ነበር፤ እሱን ስናሰናብት ተሳስተናል፣ የሚል ነው፤ ስሙም ተጽፏል። ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተስማማ። ከዚያ ሁሉም ወደ መምህሩ ዞሩ። ሚስቱ ጣቶቿን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አላነሳችም።

ክፍሏ አንድ ደንብ አላት። ድምፅ አይሰጥም። አረፍተ ነገሩ ያልተዋጠለት ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ፣ በምትኩ የሚገባውን ጮክ ብሎ ያስተይባል፤ ሌሎቹ ዝም ይላሉ። ደንቡን ያወጣው መምህሩ ነው። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ቆሞ፣ በሰው ፊት አያስጽፍም ብሎ ነበር።

እሺ ቢል ያበቃ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሬዲዮው ውስጥ ሕዝቡ የችኩሉን ስም እየጠራ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ጭብጨባው አላቆም አለ። መምህሩ እርር ድብን እያለ ተነሳ።

በጎረቤት አገር የተነሳው ግርግር ገና አብዮት ሊባል እንደማይችል አስተየበ። ሚስቱ ተየበች። ቀጥሎ፣ መሪዎቹ ንባብ የሌላቸው፣ አጋጣሚ ገፍቶ ያወጣቸው ሰዎች ናቸው አለ። ጣቶቿ ቆሙ።

«መሪዎቹ ነው ያልከው ወይስ መሪው?»

«መሪዎቹ።»

«ቅናት ከሆነ ቅናት በለኝ፤ እሱንም እተይበዋለሁ።»

ጠበቃው ወደ መሬት እያየ፣ «ተይው እህቴ፣ ደንብ ነው» አለ።

«ደንቡን አውቀዋለሁ ጋሼ። እኔ የምጠይቀው ባሌን ነው።»

መምህሩ ነገሩ የእውቀት እንጂ የቤተሰብ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ታሪክ ሲጻፍ ይሉኝታ እንደማያስፈልግ ረጋ ብሎ አስረዳ። ተማሪ ፊት የቆመ ይመስል ነበር። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«የማልክልኝ ለእኔ ነው እንጂ ለታሪክ አይደለም» አለች።

ሐኪሙ ሻይ ይምጣና እንረጋጋ ብሎ ለመነ። መምህሩ የሚስቱን ፊት አየ፤ አልተቆጣችም፣ እየጠበቀችው ነው። ለአሥራ ሁለት ገና ሰዓት ተኩል ይቀራል፤ እሺ የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው የጎደለው። ሬዲዮው አሁንም ያጨበጭባል።

«ጻፊ» አላት።

ጻፈች። ወረቀቱን ከመኪናው አውጥታ ፊቱ አኖረችው። እሱም እስክሪብቶ አንስቶ አንድ ነጠላ ሰረዝ አረመ።

ገጹ በሰዓቱ ወደ ማተሚያ ቤቱ ወረደ፤ መጽሔቱም ቅዳሜ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ሚስትየዋ አንድ ሻንጣ ይዛ በአውቶቡስ ወደ ወንድሟ ሄደች። የሚቀጥለውን እትም መምህሩ ራሱ በሁለት ጣት ተየበ።