የመጥራት ፈቃድ

የሆስፒታሉን ዳታቤዝ የምትይዘው እሷ ነበረች። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ደግሞ ሐኪሞቹ የሚጠቀሙበትን ፕሮግራም ይጽፋል። ሥራውን ያስገኘችለትም ራሷ ናት።

የቀዶ ሕክምና ወረፋ ሁሌም ያጨቃጭቅ ነበር። እሷ ወራት ፈጅታ አንድ ፕሮሲጀር ጻፈች፤ ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ፣ በስሙ ሲጠሩት የማን ሕመም እንደሚብስና የትኛው ክፍል ባዶ እንደሆነ አገናዝቦ ወረፋውን የሚያወጣ። የዋርሳዋ ፕሮግራም እሱን ይጠራል፣ መልሱን ስክሪን ላይ ያሳያል፤ በቃ።

ነገሩ ሲሰምር ግን ዳይሬክተሯ ፊት ቀርቦ «እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ። የክፍል ኃላፊ ተደረገ፤ ያውም በእሷ ላይ! ቤተሰቡ ምሳ ሲበላ አማቷ፣ «አንቺም እንግዲህ ከሱ ተማሪ» አሏት። እሱ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ለባሏ ብትነግረው «ወንድሜ ነው፣ ተይው» አላት። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተነፈሰችም።

ከሌሎች ሆስፒታሎች እንግዶች መጥተው ሥራውን የሚያዩበት ቀን ደረሰ። ለማሳያ የዳታቤዙ ቅጂ ተዘጋጅቶ ነበር። የሕሙማኑን ዋና ዳታቤዝ አልነካችም፤ ቅጂው ላይ ግን የሱ ፕሮግራም ፕሮሲጀሩን እንዳይጠራ ፈቃዱን ነጠቀችና ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች።

ዋርሳዋ ከረባቱን አስተካክሎ ቁልፉን ተጫነ። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን በቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህን ፕሮሲጀር የመጥራት ፈቃድ የለዎትም።»

ደግሞ ተጫነ። ያው ነው።

«የራስህ ሥራ አይደል እንዴ?» አለች ዳይሬክተሯ። «ማን ነው የሚከለክልህ?»

«ኔትወርኩ ይሆናል...»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ የሸበቱ ባለሙያ፣ ሳቁ። «ኔትወርክ እንዲህ አይልም፣ ልጄ። በል ፕሮሲጀሩን ክፈተውና ውስጡን አሳየን።»

መክፈት አቃተው። በዓይኑ ፈልጎ አገኛትና አጠገቧ መጥቶ ጎንበስ አለ። «በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ አታዋርጂኝ። ክፈቺልኝ።»

«የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለነሱ ንገራቸው።»

ነገራቸው። ድምፁ አልወጣ ስላለው ዳይሬክተሯ አስደገመችው። ሲደግመው ደስታው እስከ እግር ጥፍሯ ወረደ። ያኔ ፈቃዱን መለሰችለት፤ ወረፋው ስክሪኑን ሞላው።

ኃላፊነቱን ተነጠቀ፤ ለእሷም ግን አልሰጧትም። «እንግዳ ፊት እንዲህ ካደረግሽው፣ ነገ እኔንስ?» አለቻት ዳይሬክተሯ። አማቷ በራቸውን ዘጉባት። ባሏ አኮረፈ፤ ሲከርም ኩርፊያው በርዶለት፣ «ትንሽ እንኳ አይቆጭሽም?» አላት።

«ይቆጨኛል» አለች። «ቶሎ መክፈቴ።»