ከድስቱ በፊት

ሮዲ ቅርጫቱን በግንባሯ ማንገቻ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ጌታን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፒ ንጉሪ ቤታቸው እንዳይገኙ። ጌታ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው መሰል፣ አሮጊቷ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ያን አፍ የሚያቀላ ቅጠላቸውን እያኘኩ መንገዱን ያያሉ።

«መጣሽ፣ የቤተ ክርስቲያን በቅሎ?» አሉ።

«መጣሁ፣ ፒ ንጉሪ። ጣሳዎን ያምጡልኝ።»

«ጉልበቴ ያመኛል፣ ገብተሽ ውሰጂው። በቅሎ ደግሞ ቤት መግባት ትከለከላለች እንዴ?»

አብራት የምትዞረው ጓደኛዋ ኑኒ በሳቅ ፈረሰች። ሮዲ አልሳቀችም፤ መሳቅም ጉልበት ይጠይቃል። ገብታ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠውን ጣሳ አነሳችና ሩዙን ቅርጫቷ ውስጥ ገለበጠችው።

በሊያንትላንግ መንደር ሩዝ የምትቀቅል ሴት ሁሉ፣ ድስቱ ውስጥ ከመጨመሯ በፊት አንድ ጭብጥ ዘግና ጣሳ ውስጥ ታኖራለች። ያ የጌታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃገረዶቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰበስቡታል፣ ተሸጦም ወንጌል ላልደረሰበት አገር የሚሄዱትን ይረዳል። ታዲያ ሩዝ ሰብሳቢ የሆነች ልጅ የመንደሩን ወሬ ከማንም ቀድማ ታውቃለች። ጣሳው ጢም ካለ እንግዳ ከርሟል ማለት ነው። ከጎደለ ባልና ሚስት ተኳርፈው፣ ሴትዮዋ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ጣሳ አይዋሽም ይባላል። ሮዲ ግን የሚዋሽ ጣሳ አንድ ታውቃለች፤ የራሷን ቤት።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። ሮዲ ሰኞ የመዘምራን ልምምድ አላት፣ ማክሰኞ የወጣቶች ስብሰባ፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ሐሙስ የታመመ መጠየቅ፣ አርብ የልጆቹን ትምህርት ማዘጋጀት። ቅዳሜ ሩዝ። እሑድ ሁሉም። የልጆች አገልግሎት መሪ ሆና ከተመረጠች ጀምሮ፣ መንደሩ ሁሉ ምን ቢጎድል «ሮዲ አለች አይደል?» ይላል። ወንበር የሚደረድር ሲጠፋ ሮዲ። ከበሮ መቺው ሲያመው ሮዲ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብላ ያሳደገቻት እናቷ ናት፤ እሺ ሲበዛ ምን እንደሚደረግ ግን ሳትነግራት ሄደች።

እና ቤት ውስጥ ድስት መጣድ ከቀረ ሰነባብቷል። ድስት ካልተጣደ ጭብጥ የለም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሮዲ ከጆንያው በኩባያ ትዘግንና ጣሳው ውስጥ ትጨምራለች፣ ያንኑ መልሳ ቅርጫቷ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ማንም አያውቅም። እናቷ ብትኖር ግን ታውቅ ነበር። «ከጆንያ የወጣ ሩዝ ብቻ ነው፤ ከድስት የተቀነሰ ነው ጭብጥ የሚባለው» ትል ነበር።

ከፒ ንጉሪ ቤት ወርደው ሮዲ ቤት ሲደርሱ ኑኒ ከውኃው በርሜል አጠገብ ቆመች።

«ቶሎ በይ፣ ጭጋጉ ሳይወርድብን» አለቻት።

አባቷ፣ መንደሩ በአክብሮት ፑ ሳንግኩማ የሚለው፣ ከቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። ሮዲ ዐይኑን ሳታይ ወደ ጆንያው አለፈች።

«ደግሞ የእኛንም ቤት ልትሰበስቢ መጣሽ?» አላት።

«አዎ፣ አባ።»

«አይ፣ ጎበዝ ነሽ።» ብስኩቱ ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ወደቀበት፣ በማንኪያ ፈለገው። «የጎረቤት አሳማ እንኳ ትኩስ ይቀቀልለታል። ትናንት ሽታው መጥቶ፣ እውነት ነው የምልሽ፣ ቀናሁበት።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። የሮዲ እጅ ጆንያው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ሩዙ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። አባቷ አንገቱ ቀጥኗል፤ የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶበታል። መቼ ነው እንዲህ የሆነው? የመንደሩን በሽተኛ ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ስትጠይቅ፣ ይሄን አንገት ሳታየው ቀረች።

እጇን ባዶውን አወጣች።

«የእናንተስ?» አለች ኑኒ፣ ሮዲ ስትወጣ።

«ባዶ ነው።»

«ቀልደኛ» ብላ ኑኒ መንገዱን ጀመረች።

የሮዲ ጭንቅ ግን የሩዙ ብቻ አልነበረም። በማግሥቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ለሚመጡት ዓመታት አገልጋዮችን ይመርጣል። ያለ ሮዲ ሌላ ስም እንደማይጠራ የመንደሩ ዶሮ ሳይቀር ያውቃል። እሷ ደግሞ ዘንድሮ እምቢ ልትል ወስናለች። ችግሩ በሊያንትላንግ እምቢ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። እዚያ ሰው ለአገልግሎት ሲመረጥ ተነሥቶ «አልችልም፣ አልበቃም፣ ሌላ ፈልጉ» ይላል። ያላለ ትዕቢተኛ ነው። ጉባኤው ፈገግ ይላል፣ ደግሞ ይጠይቀዋል፣ እሱም ደግሞ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ይጨበጨብለታል፤ አለቀ። ታዲያ እውነቱን አልችልም ያለ ሰው በምን ቋንቋ ይናገር?

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይሄ ነው፤ እምቢ ማለቷ ከጌታ መሸሽ ይሁን አይሁን ራሷም አታውቅም። ሊጠይቀው ብትንበረከክ እንቅልፍ ይወስዳታል። ባለፈው እሑድ ለልጆቹ ያን ደክሞት ዛፍ ሥር የተኛውን ነቢይ ስታስተምር፣ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ «መልአኩ ግን ለምን አልተቆጣውም? ዳቦ ብቻ ሰጥቶት ሄደ?» ብላት ነበር። ሮዲ «ቆይ እንደርስበታለን» ብላ አለፈቻት። እስካሁን አልደረሰችበትም።

እሑድ ጉባኤው ሞላ። ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኡፓ ቢያክቹንጋ ከፊት፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ።

«ለልጆች አገልግሎት...» ብለው ሳይጨርሱ ከኋላ «ሮዲንግሊያኒ!» አለ አንዱ፣ ሙሉ ስሟን ጠርቶ።

«አሜን» አሉ ሌሎቹ፣ ጸሎት ያለቀ ይመስል።

ሮዲ ተነሣች። «አልችልም» አለች።

ሴቶቹ በፍቅር አዩዋት። «እንዲህ ነው እንጂ ልጅ» አለች አንዷ ለጎረቤቷ።

«በእውነቴ ነው። ደክሞኛል።»

«ሁላችንም ደካሞች ነን፣ ልጄ» አሉ ኡፓ ቢያክቹንጋ። «ብርታታችን እሱ ነው።»

«አሜን» አለ ጉባኤው።

«ኡፓ፣ አልፈልግም ነው የምለው።»

ሳቅ ሆነ። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ሕፃን ልጅ በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሲሰጥ የሚሳቀው ዓይነት ነው። ኡፓ ቢያክቹንጋም ስሟን ሊጽፉ እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ሰዎቹ ለማጨብጨብ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። እሺ የምትለዋ ቃል የሮዲ ምላስ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች፤ ለምዳዋለች፣ መንገዱን ታውቀዋለች። ብትላትና ብትቀመጥ ምን ነበረበት? አግዳሚው እኮ እዚያው ነው።

በወንዶቹ በኩል የአባቷ ቀጭን አንገት ታየቻት።

«የቤታችን ጣሳ ባዶ ነው» አለች።

የተነሡት እጆች እንደተነሡ ቀሩ። ይሄን ማንም ለትሕትና ብሎ አይናገረውም። ሰው ኃጢአተኛ ነኝ ይላል፣ አልረባም ይላል፤ ጣሳዬ ባዶ ነው የሚል ግን በሊያንትላንግ ተሰምቶ አይታወቅም።

ኡፓ ቢያክቹንጋ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ። «ሩዝ... ሩዝ ቸግሯችሁ ነው?»

«ሩዝማ ሞልቷል፣ ኡፓ። የሚቀቅለው ነው የጠፋው።» ፊቷን ወደ ጉባኤው አዞረች። «እስከ ዛሬ የእኛ ብዬ ያመጣሁላችሁ ከጆንያ ነው የዘገንኩት። ድስት አልጣድኩም። እዚህ ነው የምውለው፣ አባቴ ብስኩት ይበላል። ትናንት ግን ከጆንያውም መዝገን አቃተኝ። ስለዚህ አልችልም ስላችሁ አልችልም ማለቴ ነው።»

አባቷ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዙሮ ውስጡን ያይ ጀመር። አዋረድኩት፣ ብላ አሰበች ሮዲ፤ በሰው ፊት ብስኩቱን አወጣሁበት።

አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ከሴቶቹ አግዳሚ የፒ ንጉሪ ድምፅ መጣ።

«ቢያካ።»

ኡፓ ቢያክቹንጋን ያለ ማዕረግ ቢያካ ብሎ የሚጠራ ሌላ ሰው በመንደሩ የለም። በልጅነታቸው ንፍጣቸውን የጠረጉላቸው ፒ ንጉሪ ናቸው።

«እስክሪብቶህን ኪስህ ክተታት» አሉ። «ልጅቷ እምቢ አለች። ሚስትህ ያኔ እምቢ ስትልህ እኮ ገብቶህ፣ ተመልሰህ ለመሄድ አንድ ክረምት ፈጅቶብሃል። አሁን ጆሮህ ምን ሆነ?»

ወንዶቹ በኩል ሳቅ ታፈነ። የኡፓ ሚስት በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«በቅሎም» አሉ ፒ ንጉሪ፣ አሁን ቀስ ብለው፣ «አንዳንዴ ጭነቷን ያራግፉላታል። እኔ ስቀልድባት ከረምኩ እንጂ አላራገፍኩላትም።»

ኡፓ ቢያክቹንጋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት። «እንግዲህ» አሉ። «ሌላ ማን አለ?»

ማንም። ቅድም «ሮዲንግሊያኒ!» ያለው ሰውዬ የጫማው ማሰሪያ ተፈታበት። ኑኒ ጥፍሯን ታያለች። ዝምታው ረዘመ፣ ከረዘመም በኋላ ቀጠለ፤ ሮዲም አወቀችው፣ ይሄ የእሷ ዝምታ ነው፣ ሁልጊዜ «እሺ እኔ» ብላ የምትደፍነው። ልጆቹ ታሰቧት። ጥርሷ የወለቀችው ልጅ ታሰበቻት። አፏ ሊከፈት ሲል ሁለት እጇን ከጭኖቿ ሥር ከታ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

«ይቆይ» አሉ በመጨረሻ ኡፓ ቢያክቹንጋ። «ሰው እስኪገኝ ይቆይ።» ስሟን ሳይጽፉ ወደሚቀጥለው አለፉ።

ሲወጡ ማንም አላመሰገናት። አንዳንዶቹ ሴቶች ሳያዩዋት አለፉ፤ «ልጆቹን በትና» የሚልም ሰማች። ኑኒ ክንዷን ያዘቻት።

«የእውነት ባዶ ነበር?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ቀልድ መስሎኝ» አለች ኑኒ። «ቅዳሜ ቅርጫቱን እኔ እይዘዋለሁ። ማለቴ... ለጊዜው።»

ሮዲ ከአባቷ ኋላ ኋላ ቁልቁለቱን ወረደች። ቤት እንደደረሱ እሱ እንጨት ሊፈልጥ ሄደ፣ ሳትጠይቀው። እሷ ድስቱን አወረደች፤ ውስጡ ሸረሪት አድርቷል። አጠበችው። ከምድጃው በላይ ከተሰቀለው በጢስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ቆርጣ ከሰናፍጭ ቅጠል ጋር ጣደች። ሩዙን ለካች፣ አጠበች። ልትጨምር ስትል እጇን ቆም አደረገች፣ አንድ ጭብጥ ዘግና ጣሳው ውስጥ አኖረች። ባዶ ጣሳ ውስጥ የሚወድቅ ሩዝ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ ይጮኻል። እርጥብ ሩዝ ግን ጣሳው ላይ ይጣበቃል፤ ከመታጠቡ በፊት ነበር መዝገን ያለባት። ያንንም ረስታዋለች።

አባቷ እንጨቱን ይዞ ገባ፤ ድስቱን አየ፣ ጣሳውን አየ።

«እናትሽን መሰልሽ ዛሬ» አላት።

«ስቀቅል?»

«እምቢ ስትይ። እሷ እሺ ማለት ለአንቺ አስተማረች እንጂ፣ እኔን ስንት ጊዜ እምቢ እንዳለችኝ ብነግርሽ...» ጨርሶ አልነገራትም። ቁጭ አለና ሳህኑን ሳበ። «ጸልዪ።»

ሮዲ ጥሩ ጸሎት ታውቃለች። ከሰማይ ጀምራ፣ በሕሙማን አልፋ፣ ሩቅ አገር ያሉ ወንጌላውያንን ዞራ ምግቡ ላይ ስትደርስ ጉባኤው ሁሉ አሜን የሚልላት ናት። አሁን ዐይኗን ጨፈነች፣ ምንም አልመጣላትም። የሩዙ እንፋሎት ፊቷን ነካው።

«ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል» አለች።

ይህን ጊዜ ማንም ትሕትና ነው ብሎ አልሳቀባትም፣ ማንም አሜን አላለባትም። ጌታ እንዳለችው ሰማት። መልአኩ ለምን እንዳልተቆጣ ለዚያች ጥርሷ ለወለቀ ልጅ የምትመልስላትን ያገኘች መሰላት፤ ግን ለመንገር አልተቻኮለችም።

አባቷ ቀሪውን ጸሎት ጠበቀ። ጠበቀ። አንድ ዐይኑን ከፈተ።

«አለቀ?»

«አለቀ። አሜን።»

«እንኳን አለቀ» አለ፣ እጁን ወደ ሩዙ እየሰደደ። «ሊቀዘቅዝብን ነበር።»