በሞቴ የማይባልበት ቤት

እናትየው የፋብሪካ ክበብ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት። የማሽን ጩኸት ጆሮውን የደፈነው ሠራተኛ እንኳ የእሷን ድምፅ ይሰማል። ጭልፋዋን ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሃል ስትመላለስ፣ ሳህኑን ሳይጨርስ ሊነሳ የሞከረ ሰው ካየች፣ «ወዴት ወዴት! በሞቴ ቁጭ በል!» ትላለች። ሰውየውም ቁጭ ይላል። ምን ያድርግ? ሴትዮዋ እኮ ሞቷን ጠርታበታለች።

ቤቷም ውስጥ ያው ናት። ሾፌሩ ወንድ ልጇ «እማዬ፣ ሥራ ረፈደብኝ» እያለ ያመልጣታል፤ ለዚህም ነው ሱሪው ከወገቡ ላይ አልቆም የሚለው። ሴት ልጇ ግን አንድም ቀን አምልጣት አታውቅም። «በሞቴ ይቺን ብቻ» ስትባል ትበላለች፣ «በሞቴ ድገሚ» ስትባል ትደግማለች። ጉንጯ ሞላ፣ ክንዷ ሞላ፣ ሰፈሩ «ድንቡሼ» ብሎ ስም አወጣላት። እናትየው በዚህ ስም እንዴት ትኮራ ነበር! ባሏ ልጆቹን በትንንሽነታቸው ጥሎባት ነው የሞተው። ያለ አባት ያሳደጓት ልጅ እንዲህ ስትፋፋ ማየት ቀላል ነገር ነው እንዴ?

ድንቡሼ አድጋ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆነች። አንድ ቀን ልጆቹ ፊት የተቀመጠችበት ወንበር ተሰበረና መሬት ላይ ተዘረረች። ልጆቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻላት ነበር። ሁሉም ግር ብለው መጥተው አንዱ ቀበቶዋን፣ አንዷ እጅጌዋን ይዘው «አይዞሽ ቲቸር፣ እኛ እናነሳሻለን!» እያሉ ተፍጨረጨሩ። ያን ዕለት እቤቷ ገብታ፣ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ልታሳንስ መወሰኗን ለእናቷ ነገረቻት። ስኳሩም፣ የጉልበቷ ሕመምም፣ ተኝታ ትንፋሽ ማጠሩም ከልክ ስላለፈ ሐኪሙ ተስማምቷል።

«እኔ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩትን ገላ በቢላዋ?» አለች እናትየው።

«በትንንሽ ቀዳዳ ነው እማዬ። ጠዋት ገብቼ የዚያኑ ቀን ነው የምወጣው። አልጋ እንኳ አያስይዙኝም።»

«ጥርስ የምታስነቅዪ መሰለሽ እንዴ? ተዪ ሆዴ፣ ይቅርብሽ ሆዴ።»

ድንቡሼ ሳቋ አመለጣት። «ሆዴን አስቆርጬ ስመጣስ ማን ብለሽ ልትጠሪኝ ነው?» እናትየውም ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ ቀደማት።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት፣ ድንቡሼ ከኋላ አልገጥም ያላትን የሆስፒታል ቀሚስ በአንሶላ ሸፍና ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ፣ የእናቷን እጅ ያዘች።

«አባዬ የሞተ ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አለቻት። «ሞት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሰው ሄዶ አለመመለሱ መሆኑን። ከዚያ አንቺ ሳህን ይዘሽ መጣሽና በሞቴ ብዪ አልሽኝ። ካልበላሁ የምትሞቺ መሰለኝ፣ እማዬ። ጠግቤም እበላ ነበር። አንዳንዴ ጓሮ ወጥቼ አስመልስና ገብቼ እጨርሰው ነበር።»

«ኧረ እኔ ልሙት! እንዴት አልነገርሽኝም?»

«ይኸው! ደግሞ ልሙት አልሽ።»

እናትየው አፏን በእጇ ያዘች። ያን ሁሉ ዓመት ፍቅሬን አበላኋት ያለችው፣ ለካ ልጅቷን ያስበላት ፍርሃት ኖሯል።

«ከዛሬ ወዲያ በሞቴ አትበዪኝ» አለች ድንቡሼ። «ለምግብም፣ ለመጠጥም፣ ለምንም። በቃኝ ስል በቃኝ ነው። ቃል ግቢልኝ።»

«አልልሽም። በሞ...» ብላ ልትምል ጀምራ ዋጠችው። «ቃሌ ነው። ደግሜ አልልሽም።»

ቀዶ ሕክምናው ሰላም ሆነ። ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ ግድግዳውን እየነካች ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች፤ ሐኪሙም አይቶ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ፈቀደ። ነርሷ የሽሮፕ መለኪያ የምታክል ኩባያ ለእናትየው ሰጠቻት።

«በዚች ፉት ትበል፣ ትረፍ፣ ደግሞ ፉት ትበል። መጠጣት ካቃታት፣ ወይ ልቧ በኃይል መምታት ከጀመረ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ይዛችኋት ኑ።»

«እንደው ለዛሬ እንኳ እዚሁ ብታድር፣ ልጄ?»

«ደህና ናት እናቴ፣ አይስጉ። ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚሄዱት።»

«በእግሬ ገብቼ በእግሬ ወጣሁ!» አለች ድንቡሼ የወንድሟ መኪና ውስጥ እየገባች። ወንድሟ እያንዳንዷን ጉድጓድ እየለመነ ነዳ። ሲደርሱ፣ «በዚህ አነዳድ የጫንኩት እንቁላል ቢሆን ይፈለፈል ነበር» አላት። «አታስቀኝ፣ ስፌቴ!» አለችው ሆዷን ደግፋ። ለዚያ ቤት የመጨረሻው ሳቅ ያ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናትየው ኩባያዋን ሞልታ አቀረበች። ድንቡሼ ከንፈሯን አስነካችና «በቃኝ» አለች። ልጄ በቃኝ አለች! እናትየው አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ኩባያዋን መለሰች። ኮራች፤ በልጇም በራሷም ኮራች። ጓዳ ገብታ ለወንድ ልጇ ደወለችና «እህትህ እኮ በቃኝ አለች! እኔም ዝም አልኩ!» ብላ አበሰረችው። እሱም ጎሽ አላት። አይ ጎሽ!

ረፈድ ሲል ነርሷ ደወለች። ድንቡሼ ስልኩን ራሷ ተቀበለች። «እየጠጣሁ ነው። ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።»

እናትየው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ኩባያ አየች። እንደሞላች ናት።

«ምነው ዋሸሽ?»

«እውነቱን ብነግራት ተመለሺ ልትለኝ ነው። አንቺም ብዬሽ ነበር ልትዪኝ ነው። ትንሽ ያቅለሸልሸኛል እንጂ ደህና ነኝ። ተኝቼ ስነሳ እጠጣለሁ።»

ግንባሯ ያልበዋል፣ ግን ይቀዘቅዛል። እናትየው አንገቷ ሥር እጇን ብታሳርፍ የልጅቷ ልብ እንደ ስፌት መኪና ይመታል።

«ምን ሆኖ ነው ልብሽ እንዲህ የሚሮጠው?»

«አሁን ሽንት ቤት ደርሼ መጥቼ ነው። ተይኝ በናትሽ።»

«ተነሺ እንሂድ። ወንድምሽን ልጥራው።»

«አልሄድም እማዬ።»

«እሺ ይቺን ፉት በይ። ተነሺ ልጄ፣ በሞ...»

ድንቡሼ ዓይኗን ገለጠች። «ቃልሽን፣ እማዬ» አለች ቀስ ብላ።

ፋብሪካ ሙሉ ወንድ በአንድ ቃል የምታስቀምጠው ሴት፣ ቃሏን ጥርሷ ላይ አስቀርታ ዋጠችው። እዚያ ክፍል ብትቆይ ሊያመልጣት ሆነ፤ ስለዚህ ወጥታ ጓዳ ገባችና የታጠበ ድስት መልሳ ማጠብ ጀመረች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሴትዮዋ ልጇን ቸል አላለችም። ልጇን አክብራ ነው ድስት ያጠበችው! ቃል ጠባቂ ለመሆን ሌላ ቀን ጠፍቶ ነው?

ስትመለስ ኩባያዋ እንደሞላች ነበረች። ድንቡሼ ፊቷ ነጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ አንገቷ ወደ ጎን ዘምሟል።

«ሆዴ!» አለች እናትየው። «ሆዴ! ተነሺ!» ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ጉንጯን መታች። ከዚያ ያ ቃል ገነፈለ። «በሞቴ! በሞቴ ተነሺ! በሞቴ ፉት በይ! በሞቴ!»

ድንቡሼ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞቴ ተብላ እምቢ አለች።

ወንድሟ የትኛውንም ጉድጓድ ሳይለምን እየበረረ ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሞቹ እጃቸው እስኪዝል ሞከሩ። በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ውስጥ ውስጡን ደም ሲፈሳት እንደነበረ ነገራቸው። «ጠዋት ብትመጣ ኖሮ...» ብሎ እናትየውን ሲያያት ተወው። እሷ ግን ያቋረጠውን ሁሉ ሰምታዋለች።

ከቀብር በኋላ ቤቱ ሰው ሞላ። እናትየው አንድ ጥግ ተቀምጣ እህል ውሃ አልቀምስ አለች። የክበቡ ሴቶች በተራ መጡ፤ ራሷ ያሠለጠነቻቸው ናቸው። አንዷ ማንኪያ ይዛ ጎንበስ አለችና፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» አለቻት።

«አትበዪ!» ብላ ጮኸች እናትየው። «እዚህ ቤት በሞቴ አይባልም። ሰምታችኋል? ልጄ በሚያስፈልጋት ሰዓት ያልተባለላትን ቃል እኔ ልባል?»

ከዚያ በኋላ ደፍሮ የጠጋት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ወንድ ልጇ ከሩቅ ያያት ነበር። እንዲህ ያለ ከንፈር ያየው በቅርቡ ነው፣ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ። ተነስቶ ጓዳ ገባና ያገኘውን ይዞ ወጣ፤ ያቺን የሽሮፕ መለኪያ የምታክል ኩባያ። ውሃ ሞልቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ፉት በይ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«እማዬ...» አለ። «እማዬ፣ በሞቴ።»

ጆሮዋ የሰማው ሞቴ የሚለውን ብቻ ነው። የቀራት ልጅ እሱ ነው። ኩባያዋን ከእጁ ነጠቀችው፣ በሁለት እጇ ይዛ ጨለጠችው፣ ትን አላት፣ ውሃው አገጯ ላይ ወረደ።

«ጠጣሁ!» አለች ኩባያዋን ገልብጣ እያሳየችው። «ይኸው ጠጣሁ፣ አየህ? ጨርሼዋለሁ። ባዶ ነው፣ እየው፣ ባዶ ነው!»

«አየሁ እማዬ» አለና ሊቀዳላት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ኩባያዋን አልለቀቀችም፤ ባዶነቷን ደጋግማ ታሳየው ነበር።