ሳይታጠፍ የቀረ ቀበቶ

«እዚህ ጋ ነው» አለ ጠበቃው፣ ወረቀቱን በቀጮ ጉልበት ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ እያቀበለው። «ስምህና ፊርማህ ብቻ። ሌላውን እኔ ጨርሼዋለሁ።»

ቀጮ እስክሪብቶውን ተቀበለ እንጂ ክዳኑን አልከፈተም። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተዋሱት ወንበሮች ተጨናንቋል፤ ሁለቱ እግራቸው አጭር ስለሆነ እነሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ሐዘኑ ከሌላው የበረታ ይመስላል። ወሬው በሹክሹክታ ነው። መጀመሪያ ስለ ሟች ደግነት ያወራሉ፣ ቡናው ሲደገም ስለ ውሃ መጥፋት።

ሟቹን ሰው ሁሉ አለቃ ይለው ነበር። የማንም አለቃ ሆኖ አያውቅም፤ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነበር። ብቻ ብሎን ሲያጠብቅ እንኳ ብሎኑን የሚያዘው ስለሚመስል ስሙ ተለጠፈበት። ቀጮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮት ሠርቷል፤ ቅዳሜ ዕለት ተራራ ሲወጡ አለቃ ከገደል ሲወድቅም ገመዱን ከታች የያዘው እሱ ነበር። ጠበቃው ደግሞ የአለቃ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ሥራ የማይፈታ ዓይነት ሰው።

ወረቀቱ አጭር ነው። አለቃ ለመውጣት የታጠቀው የወገብ ማሰሪያ አርጅቶ እንደነበር፣ ዘለበቱ በራሱ እንደከዳ፣ ያከራየውም ሰው ተጠያቂ እንደሆነ ይዘረዝርና «ይህንንም በዐይኔ አይቻለሁ» ብሎ ይጨርሳል።

«ሰውየው ትላንት እዚህ መጥቶ ነበር» አለ ቀጮ።

«ድፍረቱ! ገድሎ ለቅሶ ይደርሳል?»

ገመድና ማሰሪያ አከራዩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር የመጣው። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ቡና የምታዞረው የጎረቤት ልጅ አለፈችው፤ ስትመለስም አለፈችው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ፊት ነሱት እንጂ። አሥር ደቂቃ ያህል የራሱን ጫማ ሲያይ ቆየና ተነሥቶ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ወጣ። ቀጮ ሊሸኘው ይገባ ነበር። እግሩ አልታዘዘውም፣ ወይም እሱ እግሩን አላዘዘውም።

የአለቃ ዐይን መድከም የጀመረው ከዓምና ወዲህ ነው። እሱም አልተናገረ፣ ቀጮም አልጠየቀ። አንድ ቀን ግን ቀጮ አንድ የፍሬን ብሎን ግማሽ ድረስ ብቻ ጠብቆ አገኘው። አጠበቀውና ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ባለቀ ቁጥር «ስልኬን ረሳሁ» እያለ ወደ ላይ ይመለሳል፤ አለቃ የነካውን ሁሉ አንድ በአንድ እየዞረ ይነካል። «የአንተ ስልክስ እግር አውጥቷል» ይለው ነበር አለቃ። ቀጮ ወዳጅን ማክበር ማለት ይኼ መስሎት ነበር።

ዓርብ ዕለት የረሳው አለቃ ሆነ። ጃኬቱን ሊወስድ ቢመለስ ቀጮን መፍቻ እንደያዘ እጅ ከፍንጅ አገኘው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዓምና ክረምት።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

አለቃ ጃኬቱን አነሣና፣ ሊፍቱ ተጠግኖ አፉን ከፍቶ እየጠበቀው፣ ስምንት ፎቅ በእግሩ ወረደ።

በወር አንድ ቅዳሜ ተራራ መውጣት የአሥር ዓመት ልማዳቸው ነው። «አምስት ቀን ሰው ስናወጣ እንውላለን፤ አንድ ቀን እንኳ እኛ እንውጣ!» የምትል የአለቃ ቀልድ ነበረች፤ በየወሩ ይላታል፣ በየወሩም ራሱ ይስቅላታል። በማግሥቱ ቅዳሜ ግን አላላትም። አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ። ገደሉ ሥር ሲደርሱ ማሰሪያውን ታጠቀና፣ ሌሎቹ ተራራ ወጪዎች እየሰሙ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ና እንጂ ኢንስፔክተር! መርምረኝ! ወይስ ዛሬ ስልክህን አልረሳህም?»

ሰዎቹ ሳቁ። ቀጮ ፊቱ ጋለ። «ራስህን ችለህ የለም እንዴ!» አለና፣ ያልተፈታ የጫማ ክር ለማሰር አጎነበሰ። ሲያጎነብስ አየው። የማሰሪያው ቀበቶ ጫፍ በዘለበቱ ካለፈ በኋላ ታጥፎ መልሶ መግባት አለበት፤ ካልገባ ክብደት ሲያርፍበት ይሾልካል። የአለቃ ጫፍ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ተንጠልጥሎ ነበር። «ሁለት እርምጃ ወጥቶ ያየውና አፍሮ ይወርዳል» አለ ቀጮ በሆዱ። «ይፈር።»

ቀና ሲል አለቃ ድንጋዩን ይዟል። አሁን ይጥራው? ሰው ፊት? አራት ፎቅ ያህል እስኪወጣ ድረስ ይህንኑ ሲያሰላስል አለቃን እግሩ አዳለጠው። ገመዱ ቀጮ እጅ ላይ አንዴ ከረረ። ከዚያ ቀለለ። ባዶው ማሰሪያ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ፈርም እንጂ» አለ ጠበቃው።

«አልፈርምም።»

«ምን?»

«ማሰሪያው ደህና ነበር።»

በአካባቢው ያሉት ስኒዎች ሁሉ ባሉበት ቆሙ። ጠበቃው ወደ ጆሮው ተጠጋ። «አስተውል። ወይ አከራዩ ነው፣ ወይ ወንድሜ ራሱን ገደለ ማለትህ ነው። ሌላ ሦስተኛ ሰው የለም።»

«አለ» አለ ቀጮ፣ ወረቀቱን ባዶ ወንበር ላይ አኑሮ እየተነሣ።

የአለቃ ሚስት የጓዳው በር ላይ ቆማ ሰምታለች። በአገጯ ወደ ኩሽናው ጠቀሰችው። እዚያ፣ ባልታጠቡት ስኒዎች አጠገብ፣ ሁሉንም ነገራት፤ የአለቃን ዐይን፣ ብሎኖቹን፣ ዓርብን፣ የረዘመውን ጫፍ። «ይፈር» ማለቱንም አልደበቃት። 

«ዐይኑን አውቅ ነበር» አለች። «ጋዜጣውን እኔ ነኝ የማነብለት። መነጽሬ ጠፋ ይለኛል፤ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው።»

ቀጮ ቀና ብሎ አያት።

«የስልክህን ነገር እየሳቀ ሲነግረኝ ያኔ ገባኝ፤ ምን ልታደርግ እንደምትመለስ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ የልብሱን ቁልፍ እኔ አይለታለሁ። ከበሩ ወዲያ ላንተ ትቼው ነበር።» ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ቢሰበር ይሻለው ነበር። «ቅዳሜ ከአልጋም አልተነሣሁ። ከቀጮ ጋር ነው ብዬ ተኛሁ።»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አከራዩ ሰውዬ ዘንድ ሂድ። ከዚያ ፖሊስ ዘንድ። ለእኔ የነገርከኝን ሁሉ ንገራቸው፤ አንዷንም ሳትቀንስ።»

«እሺ።» ለመውጣት ዞር ሲል ዐይኗ ኮቱ ላይ አረፈ። ቁልፎቹን አዛንፎ ቆልፎ አንዱ ወገን ተንጠልጥሏል። እጇ ሳታስበው ወደ ደረቱ ሄደ፤ የላይኛዋን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ከቀዳዳዋ አወጣች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየችና እጇን ሰበሰበች። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

«አዛንፈኸዋል» አለችው፣ ወደ ስኒዎቹ እየዞረች። «ራስህ አስተካክለው።»